ውሃው የቀደማቸው ልጆች

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «ሲስተር፣ ስንት ልጅ አዋለድሽ?» ይሉኛል። አልቆጠርኩም። ብቆጥርም ቁጥሩ የሥራ ዘመኔን አይናገርም ነበር። እናትየዋ ደህና ከሆነች፣ ልጁም ቀና ብሎ ከመጣ፣ ዋናውን ሥራ የምትሠራው እናትየዋ ናት፤ እኛ ተቀባዮች ነን። እኔን ያደከመኝም ያስደነቀኝም ሌላ ነገር ነው፤ መጠበቅ። ምጥ ሳይመጣ የእንሽርት ውሃ ቀድሞ ከፈሰሰ በኋላ የተወለደ ልጅ አጠገብ ቁጭ ብሎ፣ ይታመም ይሆን ወይስ ይተርፍ ይሆን እያሉ መጠበቅ።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ልጅ በማኅፀን ውስጥ የሚኖረው ውሃ በሞላበት ስስ ከረጢት ውስጥ ነው። ከረጢቱ እስካልተቀደደ ድረስ በዚህ ዓለም ላይ እንደዚያ ያለ ንጹሕ ቤት ያለ አይመስለኝም። ብዙ ጊዜ ከረጢቱ የሚቀደደው ምጡ ከተፋፋመ በኋላ ነው፤ ልጁም ውሃውን ተከትሎ ይመጣል። አንዳንዴ ግን ምጥ ሳይኖር ውሃው ይቀድማል። ያን ጊዜ ልጁ ገና ቤት ውስጥ ነው፣ በሩ ግን ክፍት ነው። በክፍት በር ደግሞ በሽታ ይገባል፤ ሰዓቱ በረዘመ ቁጥርም ስጋቱ ይጨምራል። እንዲያም ሆኖ አብዛኞቹ ምንም ሳይሆኑ ይወለዳሉ። የሚታመሙት ጥቂቶች ናቸው። ችግሩ፣ እነዚያም ሲወለዱ ከሌሎቹ አይለዩም። ቀላ ብለው፣ እየጮኹ ይመጣሉ፤ ጡትም ይይዛሉ። ታዲያ የትኛው ነው የሚታመመው? ዕድሜዬን የፈጀሁት በዚህ ጥያቄ ነው።

የተወለድኩት ነገሌ ቦረና፣ ጦር ሰፈሩ ጥግ ነው። አባቴ ከጎጃም የመጣ ወታደር ነበር። ደርግ ወድቆ ጦሩ ሲበተን ብዙው የሰፈራችን ቤተሰብ ዕቃውን መኪና ላይ ጭኖ ወደየመጣበት ሄደ። አባቴ ግን «ልጆቼን የወለድኩበት አገሬ ነው» ብሎ ቀረ። እኔ ያኔ ነርስ ትምህርት ቤት ነበርኩ። ስመረቅ የተመደብኩት እዚያው ነገሌ፣ ሆስፒታሉ ማዋለጃ ክፍል ሆነ። ስሜ ዘነበች ነው። ቦረናዎቹ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ተርጉመው «ሮቤ» አሉኝ፤ ዝናብ እንደ እንግዳ በሚናፈቅበት አገር የሚጠላ ስም አይደለም። ስለ ደመወዙ አላወራም፤ ያኔ የመንግሥት ሠራተኛ የነበረ ሁሉ ያውቀዋል።

የማዋለጃው ኃላፊ ሲስተር አስካለ ይባሉ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሴት ናቸው። የመጡት ከወሎ ነው፤ ኦሮምኛቸው ግን የገጠር ሽማግሌ ቆሞ የሚያዳምጠው ዓይነት ነበር። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ውሃ ፈሰሰብኝ የምትል ሴት መጣች። ሮጬ ጓንት ሳደርግ አዩኝ።

«እጅሽን ወዴት ልታደርጊው ነው?» አሉኝ።

«ማኅፀኗ ምን ያህል እንደተከፈተ ላየው ነው፣ ሲስተር።»

«ምጥ አላት?»

«የላትም።»

«እንግዲያው እጅሽን ወደ ኋላሽ አድርጊው።»

የቀለዱብኝ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ሁለት እጃቸውን እንደ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ወገባቸው ላይ አቆላልፈው ሴትየዋ ፊት ቆሙ። ውሃዋ የፈሰሰ ምጥ የሌላት ሴት በመጣች ቁጥር እንዲህ ነው የሚያደርጉት። «በሩ ተከፍቷል» ይሉኛል፤ «የምታስገቢው ጣት ሁሉ እንግዳ ይዞ ይገባል። ዓይንሽ እያለ፣ አፍንጫሽ እያለ፣ ጆሮሽ እያለ እጅሽ ምን ያጣድፈዋል?» እስከ ዛሬ ድረስ እንዲህ ያለች ሴት ሳይ እጄ ሳላዝዘው ወደ ኋላዬ ይሄዳል።

ሁለተኛው ትምህርት ሰዓት አጠያየቅ ነበር። ውሃው መቼ እንደፈሰሰ ማወቅ ለኛ ሥራ ትልቅ ነገር ነው። ያችን ሴት «ስንት ሰዓት ላይ ፈሰሰ?» ብዬ ብጠይቃት ግራ ተጋብታ አየችኝ። ሲስተር አስካለ አጎንብሰው «አካም ቡልቴ?» ብለው ሰላምታ ሰጧትና በኦሮምኛ ጠየቋት። ከብቶቹ ከበረት ሳይወጡ ነው? ጥጆቹ እየጠቡ? ወይስ ከውሃ ሲመለሱ? የሴትየዋ ፊት ወዲያው በራ። ላሞቹ ታልበው፣ ጥጆቹ ተፈተው፣ ትልልቆቹ ከብቶች ገና ሳይሰማሩ መሆኑን እጇን እያወናጨፈች ነገረችን። ከዚያ የበለጠ ሰዓት የለም። በኋላ በግድግዳ ሰዓት የሚኖሩ የከተማ ሴቶችን ብዙ ጠይቄያለሁ፤ «ጠዋት መሰለኝ፣ ወይ ከምሳ በኋላ ይሆናል» ነው መልሳቸው።

ከዚያ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ ያስይዟታል፤ እሳቸው እያዩ ታስላለች፤ ጨርቁን ወደ መስኮቱ ወስደው በብርሃን ያዩታል፣ ያሸቱታል። ሽንት የሽንት ሽታ አለው፤ የእንሽርት ውሃ ግን የራሱ ለስለስ ያለ ሽታ አለው፤ አንዴ ካሸተቱት አይረሳም። አረንጓዴ ከሆነ ወይም ከከረፋ ፊታቸው ይለወጣል። ጥርጣሬ ከቀራቸው ጠብታ መስታወት ላይ አድርገው ወደ ላብራቶሪ ይልካሉ። መጀመሪያ ቀን የላብራቶሪው ባለሙያ «ነይ እይ» ብሎኝ ማይክሮስኮፑ ላይ ጎነበስኩ። የደረቀችው ጠብታ ደን ሆናለች። ግንድ፣ ከግንዱ ቅርንጫፍ፣ ከቅርንጫፉ ደግሞ ቅጠል፤ ልክ እንደ አሬሮ ደን ጽድ። አንዲት ጠብታ ውሃ ደርቃ ደን መሆኗን ሳይ «እግዚአብሔር ይህን ለማን ብሎ ደበቀው?» አልኩ። ባለሙያው ሳቀ። እኔ ግን እስካሁንም አልሳቅሁም።

ልጁ ከተወለደ በኋላ ደግሞ ሲስተር አስካለ ሕፃኑን ሳይገልጡት ነበር የሚያዩት። መጀመሪያ ቆመው አተነፋፈሱን ያያሉ። ቀጥለው በእጃቸው ጀርባ እግሩን ይነካሉ። ከዚያ እናትየዋን «አሁን አጥቢው» ብለው አፉን ይመለከታሉ። «ትልቅ ሰው ሲታመም ያተኩሰዋል፣ ይናገራል» ይሉኝ ነበር፤ «ሕፃን ሲታመም ይቀዘቅዛል፣ ዝም ይላል። ጎበዝ ልጅ ነው፣ አያለቅስም ሲሉሽ ሩጪ።»

እንዲህ ተምሬ ነው ከጥቂት ዓመታት በኋላ አሬሮ ወረዳ ውስጥ ወዳለች አንዲት ጤና ጣቢያ የተዛወርኩት። ላብራቶሪ የሚባል የለም፤ ያለው አንድ አልጋ፣ አንድ ቁም ሣጥን መድኃኒትና እኔ ነኝ። ድርቅ ነበር። ቱሜ የምትባል ወጣት ሴት፣ አማቷ አኮ ዳርሚና ባሏ ዋርዮ ግመል ላይ አድርገው አመጧት፤ «አኮ» በኦሮምኛ አያት ማለት ነው። ውሃዋ ከፈሰሰ ቀን አልፎታል፤ ገላዋም ሞቅ ሞቅ ይል ነበር። ልጁ ግን ያን ያህል ሳያስቸግር ተወለደ። ወንድ ነው፤ ጮኸ፣ ቀላ፣ ጡት ያዘ። አኮ ዳርሚ ምራቃቸውን እንትፍ ብለው መረቁት።

እኔ ግን ደስታው ልቤ አልገባም። የውሃው ሰዓት፣ የእናትየዋ ትኩሳት፣ ሁለቱም ባንድ ላይ ሲሆኑ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። አንድ መርፌ ወጋሁትና ቤተሰቡን ሰበሰብኩ።

«እዚህ መሰንበት አለባችሁ» አልኳቸው። «ልጁ መርፌውን በየቀኑ መውሰድ አለበት።»

አኮ ዳርሚ ልጁን አዩት፤ እኔን አዩኝ። «ሮቤ፣ ምን ሆነ?»

«አሁን ምንም አልሆነም፣ አኮ። ሊታመም ይችላል።»

«ያልታመመ ልጅ ለምን ይወጋል?»

«ውሃው ብዙ ስለቆየ ነው። ኢንፌክሽን ገብቶ ሊሆን ይችላል።»

ኢንፌክሽን የሚለውን ቃል ደጋግሜ አልኩት። ዋርዮ ራሱን ያዘ። የተራ ቀናቸው ደርሷል፤ ኤላው ጋ፣ ጥልቁ የውሃ ጉድጓድ ጋ፣ ከብቶቻቸው በተራቸው ካልደረሱ ውሃ ሳያገኙ ቀርተው ያልቃሉ። «እህቴ፣ ከብቶቹ ከሞቱ ይህን ልጅ በምን ላሳድገው?» አለኝ። እውነቱን ነበር። ተከራከርኩ፣ ለመንኩ፣ ተቆጣሁ። አኮ ዳርሚ በመጨረሻ በትሕትና «ናጋን ቡሊ» ብለው ተሰናበቱኝ። ልጁ ሲሄድ እንኳ እየጠባ ነበር።

ከቀናት በኋላ፣ ፀሐይ ገና ከፍ ሳትል ተመልሰው መጡ። ቱሜ ልጁን ደረቷ ውስጥ ይዛዋለች። ተቀበልኳትና እግሩን ነካሁት። ድንጋይ ነው። አፉ ጡት አይይዝም፤ ሲተነፍስ ያቃስታል። መርፌውን ወጋሁ፣ ደም ሥሩ ውስጥ ካኑላ፣ ቀጭኗን ቱቦ፣ አስገባሁ፣ ግሉኮስ ሰጠሁ፣ ደረቴ ላይ አድርጌ አሞቅሁት። አንድ የከብት ነጋዴ መኪናውን ሊሰጠን ተስማምቶ ወደ ነገሌ ልንነሳ ሞተሩ ሲነሳ፣ ልጁ እጄ ላይ አለፈ።

ቱሜ አላለቀሰችም። ዋርዮ ወደ ግመሉ ዞሮ ቆመ። አኮ ዳርሚ አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጡና ክንዴን ያዙኝ።

«ሮቤ፣ አንቺ ያየሽው ነገር ነበር።»

«አዎ፣ አኮ።»

«እኛ አላየነውም። ለምን አላሳየሽንም?»

ቁጣ አልነበረበትም። ማወቅ ፈልገው ነው የጠየቁኝ።

ለግምገማ ነገሌ በሄድኩ ጊዜ ለሲስተር አስካለ ሁሉን ነገርኳቸው። ማጽናናት አልሞከሩም። «ምን አልሻቸው? ቃል በቃል ንገሪኝ» አሉኝ። ነገርኳቸው። «ኢንፌክሽን» ስል ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ የጠየቁኝን እስክሞት አልረሳም።

«ጥጃ ሊታመም ሲል እነዚህ ሰዎች በምን ያውቃሉ?»

«መጥባት ይተዋል፤ ጆሮው ይወድቃል፤ ከሌሎቹ ይለያል» አልኩ።

«መቼ ያውቃሉ? ከታመመ በኋላ?»

«አይደለም። ሳይታመም።»

«በይ እንግዲህ፣ የምትነግሪያቸው የሚያውቁትን ነው።»

አሬሮ ተመልሼ ነገሩን ከሥሩ ለወጥኩት። ከዚያ በኋላ ውሃ የቀደማት እናት ስትወልድ መጀመሪያ የማናግረው አያቲቱን ሆነ። እጇን ወስጄ የልጁ እግር ላይ አደርገዋለሁ። «ይህ ሙቀት ነው ደህንነቱ፤ ቶሎ ቶሎ ንኪው።» ሆዱና ደረቱ ሲነሳና ሲወርድ አሳያታለሁ። «እንዲህ ሲሆን ደህና ነው። እንዲህ ሲፈጥን አይደለም» ብዬ በራሴ ደረት አሳያታለሁ፤ ይስቁብኛል፣ ይስቁብኝ። ከዚያ ስለ ጥጃ እጠይቃለሁ። ጥጃን ሲያነሱ ደግሞ እኔ ተማሪ እሆናለሁ፤ የማላውቀውን ስንቱን ነገሩኝ። አብዛኞቹ መሰንበት ጀመሩ።

ቱሜ እንደገና ስታረግዝ አኮ ዳርሚ ራሳቸው አመጧት። ዳግመኛ ውሃው ቀድሞ ነበር፤ በዚህኛው ግን ገና እንደፈሰሰ፣ በጭነት መኪና ነው የደረሱት። ገና ሳይወርዱ «ሮቤ፣ ከብቶቹ ሲገቡ ነው የፈሰሰው! ቀኑ አላለፈም!» ብለው ጮኹ። ሴት ልጅ ወለደች። መርፌዋን ጀመርን። አኮ ዳርሚ ከአልጋው ሥር አጎዛቸውን ዘርግተው ተቀመጡ፤ ዓይናቸውን ከልጅቷ አላነሱም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስገባ «ነይ፣ አፏ ሰነፈ» አሉኝ። አየኋት፤ ትጠባለች። ቴርሞሜትር አደረግኩላት፤ ደህና ነው። «አኮ፣ እየጠባች ነው እኮ» አልኩ። «ትጠባለች፤ ትላንት ግን ትስብ ነበር፣ ዛሬ ትይዛለች ብቻ» አሉኝ። ጎንበስ ብዬ አብረን አየን። እውነት ነው፤ ልዩነቱ የፀጉር ያህል ነው፣ ግን አለ። የመርፌውን መጠን አስተካክዬ፣ በዚያው ቀን በተገኘ መኪና ወደ ነገሌ ይዘናት ሄድን። የደም ምርመራው ኢንፌክሽን መኖሩን ነገረን። ሌላ መድኃኒት ተጨመረላት። ዳነች። አኮ ዳርሚ ከሆስፒታሉ ሲወጡ ግቢው ውስጥ ቆመው ሐኪሙንም፣ ሲስተር አስካለንም፣ እኔንም፣ በረኛውንም ጭምር መረቁ። እኔ ያን ቀን የደነቀኝ ልጅቷ መዳኗ ብቻ አይደለም። አንድ ሕፃን ሊታመም ሲል ለሰው ዓይን ምልክት መስጠቱ ነው። የሚያይ ዓይን ካለ ማለቴ ነው።

ከአሬሮ በኋላ ጥቂት ጊዜ ቡሌ ሆራ ሠርቼ ወደ ነገሌ ተመለስኩ። ሲስተር አስካለ ጡረታቸው ተቃርቦ ነበር። ብርቱካንን ያገኘኋት ያኔ ነው።

ብርቱካን ሻኪሶ ወርቅ ከሚያጥቡት ጋር የምትሠራ ሴት ናት። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱም አልበረከቱላትም። ይህኛው ሰባተኛ ወሩን ይዟል። ስትመጣ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው።

«መቼ ፈሰሰ?» ብለው ጠየቋት ሲስተር አስካለ።

«እኔ ምን አውቄ፣ ሲስተር። ወንዙ ውስጥ ቆሜ ነበር። ውሃው የኔ ይሁን የወንዙ በምን ልወቀው? ወጥቼ፣ ልብሴን ለውጬ፣ እንደገና ስርስ ነው የገባኝ።»

ሁላችንም ሳቅን፤ እሷም ሳቀች፤ ከዚያ ማልቀስ ጀመረች።

የሆስፒታሉ ሐኪም ዝምተኛ ሰው ነበሩ። ለኛም ለእሷም ባንድ ላይ አስረዱ። አሁን ቢወለድ ሳንባው አልበሰለም፤ ማሞቂያ ሣጥን የለንም፤ ይሞታል። ብንጠብቅ ደግሞ በሩ ክፍት ነው፤ ኢንፌክሽን ገብቶ ሁለቱንም ሊወስድ ይችላል። «እንጠብቅ» አሉ። «ግን ዓይናችንን ሳንነቅል።» መድኃኒቱ ተጀመረ፤ የልጁን ሳንባ የሚያጠነክረው መርፌ ተወጋ። ብርቱካን መስኮት አጠገብ ተኛች።

አንድ ቀን ጨርቋን ስቀይርላት «ሲስተር ዘነበች፣ ይህ ሁሉ ውሃ ከየት ይመጣል? እስካሁን ፈሶ አላለቀም?» አለችኝ።

«ልጁ ራሱ ነው የሚሠራው» አልኳት። «ይጠጣዋል፣ ይሸናዋል፤ እየፈሰሰ እየሞላ ነው።»

ብርቱካን ሆዷን ያዘች። «እኔ አልጋ ላይ ተጋድሜ፣ እሱ ቤቱን እየጠገነ ነው በይኛ» አለች። እኔም ሥራዬን ትቼ ቆምኩ። መጽሐፍ ላይ ያነበብኩት ነገር ነው፤ ግን እንደሷ አስቤው አላውቅም ነበር። ቀዳዳ ባለው ቤት ውስጥ ያለ፣ ገና ክብደቱ የዶሮ ያህል የማይሞላ ፍጥረት፣ የሚፈስበትን ውሃ ራሱ እየተካ ቀኑን ይገፋል።

ሳምንታት አለፉ። ሲስተር አስካለ በየጠዋቱ አልጋዋ ጫፍ ተቀምጠው ወሬ ያወሩላታል፤ እጇን ይዘው። የሚያጫውቷት ይመስላታል፤ እሳቸው የደም ሥሯን ምት እየቆጠሩ ነው። አንድ ጠዋት ብርቱካን ስለ ሻኪሶ አንድ ነጋዴ እየተረከችላቸው ትስቃለች። ሲስተር አስካለም አብረው ሳቁ፤ እጇን ቀስ ብለው አስቀመጡትና ወጡ። ኮሪደሩ ላይ ፊታቸው ሌላ ነበር።

«ምቷ ተነሥቷል» አሉኝ።

«ትኩሳትስ?»

«የለም። ትኩሳት ይዘገያል።»

ሐኪሙ ጋ ሄድን። «ሲስተር አስካለ ምት ተነሣ ካሉ እኔ ቴርሞሜትሩን ቆሜ አልጠብቅም» አሉና መጡ። የልጁን ልብ አዳመጡ፤ እሱም ፈጥኗል። የደሟ ምርመራ ነጭ የደም ሴሎቿ መጨመራቸውን አሳየ። ሦስቱ ምልክቶች አንድ ነገር ተናገሩ። «አሁን ውስጡ ከውጭው ባሰ» አሉ ሐኪሙ። ምጥ የሚያመጣው መድኃኒት ተጀመረላት።

ከሰዓት በኋላ ተወለደች። ሴት ናት፤ መዳፌን ሞላች። ቆዳዋ ስስ፣ ውስጧ የሚታይ ነበር። ጮኸች ማለት አልችልም፤ እንደ ድመት ግልገል አንዴ ተንጫጫች። ምልክት ሳንጠብቅ መድኃኒቷን ወዲያው ሰጠናት፤ አድርቀናት፣ እርቃኗን የእናቷ ጡቶች መካከል አስተኝተን፣ በላይ ሸፈንናቸው። ማሞቂያችን ብርቱካን ሆነች።

በማግስቱ የፈራነው መጣ። መተንፈስ ትረሳለች። ዝም ትላለች፤ ከንፈሯ ይጠቁራል፤ ውስጥ እግሯን ስንኮረኩራት ትነቃና ትተነፍሳለች። ብርቱካን ይህን ካየች በኋላ ከልጅቷ ውስጥ እግር ላይ ጣቷን አላነሳችም። «ተንፍሺ እንጂ፣ አንቺ ሰነፍ!» ትላታለች። ሐኪሙ የመድኃኒቱን መጠን በክብደቷ ልክ ደጋግመው እያሰሉ፣ ሲስተር አስካለ የታለበውን የእናት ጡት ወተት በቀጭን ቱቦ ጠብ ጠብ እያደረጉ፣ ሁላችንም በየተራችን እየኮረኮርን ቀናት ገፋን። የትኛው ቀን እንደተሻላት ማንም ልብ አላለም። እኔ የማስታውሰው አንድ ረፋድ ብርቱካን «ሲስተር! ሲስተር!» ብላ የጮኸችው ነው። ሮጬ ገባሁ። ልጅቷ ጭንቅላቷን እየነቀነቀች ጡቱን ራሷ ፈልጋ ይዛዋለች። ትስባለች። ሐኪሙ በር ላይ ቆመው አዩና መነጽራቸውን አውልቀው በጋውናቸው ጠረጉ። ሲስተር አስካለ «ተመስገን» ብቻ ብለው ወንበር ላይ ዘፍ አሉ። ከመላው የሥራ ዘመናቸው እንዲህ ደክሟቸው ሲቀመጡ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

እሳቸው ጡረታ ወጡ፤ እኔ ቦታቸውን ያዝኩ። ዓመታት ሲያልፉ ሆስፒታሉም ተለወጠ። የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ተከፈተ፤ ማሞቂያ መጣ፤ ኦክስጅን መጣ፤ የሕፃኑን ደም ወስደው ኢንፌክሽን መኖሩን ቶሎ የሚጠቁም ምርመራ መጣ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ደግሞ ዶክተር ገልገሎ የሚባል ወጣት የሕፃናት ሐኪም፣ የአገሩ ልጅ፣ ስልኩ ላይ የሚሠራበት አንድ ነገር አሳየኝ። እርግዝናው ስንት ሳምንት እንደሆነ፣ ውሃው ከፈሰሰ ስንት ሰዓት እንደሆነ፣ የእናትየዋ ትኩሳት፣ ምን መድኃኒት እንደወሰደች ያስገባል። ስልኩ ልጁ የመታመም ዕድሉ ምን ያህል እንደሆነ ይነግረዋል።

«እኛ በልባችን የምንደምረውን እኮ ነው የሚደምረው» አልኩት በመገረም።

«እሱ አይደክመውም፣ አይፈራም። ልዩነቱ ይኼ ነው» አለኝ እየሳቀ። እውነቱን ነው።

ሥራ ልለቅ ስል፣ ሰሚራ የምትባል የከተማችን መምህርት ውሃዋ ቀድሞ ፈስሶ ወንድ ልጅ ወለደች። እኔ በልማዴ መርፌውን ማዘጋጀት ጀመርኩ። ዶክተር ገልገሎ ስልኩን አይቶ፣ ልጁን ከራሱ እስከ እግሩ መርምሮ፣ «ሲስተር፣ አንወጋውም። እየተመላለስን እናየዋለን» አለኝ።

«በኔ ጊዜ እንዲህ ያለውን ሁሉ እንወጋ ነበር» አልኩት።

«አውቃለሁ። እናንተ መመርመሪያ ስላልነበራችሁ ትክክል ነበራችሁ። አሁን ግን ደህናውን ልጅ ከእናቱ ነጥሎ በመርፌ ማሰንበትም ጉዳት አለው። እርስዎ አጠገቡ ካሉ ደግሞ እኔ አልሰጋም።»

መርፌውን መልሼ ማስቀመጥ ከባድ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ አንድ ነገር ማድረግ ነው የለመድኩት። አጠገቧ ወንበር ሳብኩና ተቀመጥኩ። እየቆየሁ እነሣለሁ፤ አተነፋፈሱን አያለሁ፣ እግሩን እነካለሁ፣ ሲጠባ አፉን አያለሁ። ዶክተር ገልገሎም እየተመላለሰ ያየዋል። ልጁ ጠባ፣ ተኛ፣ ነቃ፣ አነጠሰ፣ ልብሱን አበላሸ፣ እንደገና ጠባ። የጎረምሳ ጩኸት ነበረው። የደም ምርመራውም ንጹሕ መጣ።

ሰሚራ ዕቃዋን ሸክፋ ባጃጁን ስትጠብቅ «ሲስተር፣ ልጄ ምን ሆኖ ነበር?» አለችኝ።

«ምንም አልሆነም፣ ልጄ።»

«ታዲያ ምንም ካልሆነ ለምን ይህን ያህል ተቀመጣችሁ?»

የአሬሮውን ልጅ ላውራላት? ጊዜውም አይደለም። የልጁን ፎጣ ከደረቱ ላይ ገለጥ አደረግኩላት። ደረቱ ይነሣል፣ ይወርዳል። ይነሣል፣ ይወርዳል። ሰሚራ ጎንበስ አለች፤ እኔም ጎንበስ አልኩ። ውጭ ባጃጁ ጥሩምባውን ነፋ። ማናችንም አልተነሣንም።